ስለ መኪና የማስጠንቀቂያ መብራትና ስለ መለዋወጫ ዕቃ ገበያ

በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ደንበኛ አለ። ጠዋት መጥቶ «ኦክሲጂን ሴንሰር አለህ ወይ?» ይላል፤ በዋጋው ይከራከራል፤ ገዝቶም ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ዕቃውን በወረቀት ጠቅልሎ ይመለስና «መብራቱ አልጠፋም፤ ዕቃህ አይሠራም» ብሎ ይቆጣል። ነጋዴው የሸጠው ዕቃ ደኅና ነው፤ ገዢውም አልዋሸም። ስሕተቱ የተፈጸመው ሁለቱ ሳይገናኙ፣ የመብራቱ ትርጉም በተፈታበት ሰዓት ነው።

ከመሪው በስተፊት ባለው ሰሌዳ፣ ማለት በዳሽቦርዱ ላይ የሚበሩት ምልክቶች ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰኑ ስለሆኑ የጃፓኑም የጀርመኑም መኪና ያንኑ የዘይት ማንቆርቆሪያ ሥዕል ያሳያል። ቀለሙም ይናገራል፤ ቀይ «ቁም» ሲል ቢጫው «ሳትዘገይ አስመርምር» ይላል። በቀዮቹ መካከል ቸልታን ፈጽሞ የማይታገሠው የዘይቱ ነው። ይህ መብራት የሚናገረው ስለ ዘይቱ መጠን ሳይሆን ስለ ግፊቱ ነው። ግፊቱ ሲጠፋ ብረት ከብረት ጋር ይፋጫል፤ «አዳማ እስክደርስ» ብሎ የነዳ ሰው ዘይት በመግዛት ፈንታ ሞተር ሊገዛ ይችላል።

ስለ ሙቀቱ መብራትም ለአዲስ አበባ ሰው የሚነገር ልዩ ነገር አለ። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ፣ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ሲያቅተው ውሃው ቶሎ ይፈላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች የውሃ ፖምፓ ከማስገዛታቸው አስቀድሞ ክዳኑን ያያሉ። (ሞተሩ ሳይበርድ መክፈት አደገኛ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ የሚቃጠል ሰው ግን አሁንም አይጠፋም።)

ክርክሩ የሚበዛው በቢጫው የሞተር መብራት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አምራቾች አንድ ዓይነት ባለ 16 እግር መሰኪያና አንድ ዓይነት የቁጥር ቋንቋ እንዲኖራቸው በሕግ ታዘዙ፤ አውሮፓም በ2001 ከቤንዚን መኪናዎች ጀምራ ተከተለች። ማንበቢያው መሣሪያ ሲሰካ ቁጥሩ ይወጣል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ሕመሙን እንጂ መድኃኒቱን አይናገርም። «ፒ 0171» ማለት ከነዳጁ ይልቅ አየሩ በዝቷል ማለት ነው። ምክንያቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ወይም የደከመ የነዳጅ ፖምፓ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ይዞ ወደ ገበያ የሮጠ ሰው ግን ኦክሲጂን ሴንሰር ይገዛል፤ እርሱም ወሬውን ያመጣ መልእክተኛ እንጂ ጥፋተኛው አይደለም።

መኪና ወዳዶች ለገበያው የሚሰጡት ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አንዱ የባንክ ሠራተኛ፣ ሌላው አስተማሪ፣ ሌላውም በጡረታ ያለ ሹፌር ሊሆን ይችላል፤ የሚያገናኛቸው አንድ ዓይነት መኪና መያዛቸው ነው። የአንዱ መብራት ሲበራ ለሌሎቹ ይደውላል፤ እነርሱም ከመመለሳቸው በፊት ይጠይቃሉ። ጸንቶ ይበራል ወይስ ብልጭ ድርግም ይላል? ሞተሩ ሳይሞቅ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ትናንት ማን ነካው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን የአየር ማጣሪያ ሲለወጥ ሳይሰካ የቀረ ሽቦ ብዙ ሰው አድክሟል።

በአሮጌ ቶዮታዎች ላይ ያላቸው ጥበብ በተለይ የሚደነቅ ነው። ከ1996 በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ ማንበቢያ አይሹም። ሞተሩ አጠገብ ባለች ትንሽ ሣጥን ውስጥ «ቲ.ኢ.1» እና «ኢ.1» የተባሉት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ይገናኛሉ፤ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ሲከፈት መብራቱ ራሱ ቁጥሩን በብልጭታ ይናገራል። ሁለት ብልጭታ፣ ጥቂት ዕረፍት፣ እንደገና ሁለት ብልጭታ፤ ይህ 22 ሲሆን የውሃ ሙቀት መለኪያው መስመር መበላሸቱን ያመለክታል። አንዱ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በስልክ ይቆጥራል፤ ሌላው ቤቱ ሆኖ ይጽፋል።

ለአዳዲሶቹም ገንዘብ የማይጠይቅ ፈተና አላቸው። «ፒ 0301» በአንደኛው ሲሊንደር እሳት መሳቱን ይናገራል። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና ካለው፣ የአንደኛውን ከሁለተኛው ጋር ያለዋውጡና ቁጥሩን ደምስሰው ይነዱታል። «ፒ 0302» ከመጣ ሕመሙ ቦቢናውን ተከትሏል፤ የሚገዛውም አንድ ቦቢና ብቻ ነው። ቁጥሩ ካልተለወጠ ወደ ካንዴላው ይመለሳሉ። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ያልተቃጠለው ቤንዚን ውድ የሆነውን ካታሊስት ስለሚያበላሽ መንዳት አይገባም።

ያገለገለ መኪና ለሚገዙም አንድ ማሳሰቢያ ይገባል። ቁጥሩን መደምሰስ መኪናውን መጠገን አይደለም። በሽያጭ ዋዜማ የተደመሰሰ መኪና መብራቱ ጠፍቶ ይታያል፤ ሆኖም ማንበቢያው የመኪናው የራስ ምርመራዎች ገና እንዳልተጠናቀቁ ያሳያል። ይህን የሚያይ ወዳጅ ይዞ መሄድ ከብዙ ክርክር ያድናል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ጥያቄው መልኩን ለውጧል። ያ የጋራ የቁጥር ቋንቋ የተደነገገው ስለ ጭስ ነበር፤ የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም፤ ከቁጥሮቹም ብዙዎቹ የአምራቹ የብቻው ናቸው። ለቻይና ገበያ በተሠሩት ላይ ማስጠንቀቂያው በቻይና ጽሕፈት ስለሚወጣ ባለመኪናው ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚያነብለት ይፈልጋል። ብዙ መብራት በአንድ ጊዜ ሲበራ ግን አስቀድመው የሚለኩት ትንሹን የ12 ቮልት ባትሪ ነው፤ ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ሳለ ትንሹ በመድከሙ ብቻ መኪናው እንቢ ሊል ይችላልና። የ12 ቮልት ባትሪ የሚያስመጡ ነጋዴዎች የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶችን ከደንበኞቻቸው መዝገብ ባይሠርዟቸው ይሻላል።