ለብቻ የተጀመረ ፕሮግራም ረዳት የሚያገኘው እንዴት ነው?

ባለፈው ዓመት እኔና አንድ ጓደኛዬ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የሚለውጥ አነስተኛ ፕሮግራም ጽፈን ክፍት ምንጭ አድርገን አወጣነው። ክፍት ምንጭ የሚባለው፥ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ ሳይደበቅ፥ የፈለገ ሁሉ እንዲያነበው፥ እንዲለውጠውና ለሌላም እንዲሰጠው የተፈቀደ ሲሆን ነው። እኛም ኮዱን ከገለጥነው ረዳቱ በገዛ እግሩ ይመጣል ብለን ስድስት ወር ጠበቅን። አንድም ሰው አልመጣም።

በሰባተኛው ወር አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ፥ «ፕሮግራማችሁ የ2015 ዓ.ም. ጳጕሜን 6ን አያውቅም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጳጕሜን 6 ቀን የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፤ እኛ ግን እንደ ፈረንጆቹ ምንም ሳይተርፍ ሲካፈል ነው ብለን ጽፈን ነበር። አመስግኜ አሰናበትኋትና በዚያው ሌሊት ስሕተቱን ራሴ አረምሁት። ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ልጅቱ ግን ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም፤ ምን ሥራ ቀረላትና!

ጥፋቴ የገባኝ የሊኑክስን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፥ በ21 ዓመቱ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በኦገስት 1991 ኦፕሬቲንግ ሲስተም፥ ማለት የኮምፒዩተሩን መሣሪያዎችና ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያዝ ዋና ፕሮግራም፥ መጀመሩን ሲያስታውቅ፥ ለጊዜ ማሳለፊያ ነው እንጂ ትልቅ አይሆንም ብሎ ነበር። መጀመሪያ ያወጣው ኮድ ለፊንላንድ ኪቦርድ የተሰናዳ ነበር። ይህ ጕድለት ነው፤ ነገር ግን ጀርመኑም ፈረንሳዩም በየኪቦርዱ ልክ የሚሠራው ትንሽ ሥራ ተረፈው። ጥቂት ወሮች ቈይቶ የአሜሪካ፥ የጀርመንና የፈረንሳይ ኪቦርዶች ተጨመሩ፤ ያዘጋጇቸውም ሰዎች ስም ከነምስጋናው በዚያው በኪቦርዱ ኮድ ውስጥ ተጻፈ። ዛሬ በሊኑክስ በየእትሙ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች እጃቸውን ያገባሉ።

እንግዲህ ልጅቱን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁ። ፕሮግራማችን የወሮችን ስም የሚያውቀው ባማርኛ ብቻ ስለ ነበር፥ ትግርኛውን የመጨመሩን ሥራ ለርሷ ተውሁላት። እኔ በአንድ ሰዓት የምጨርሰው አራት ቀን ወሰደባት፤ እኔም ጣቴን እየበላኝ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። የላከችልኝን ግን ሳላሳድር አይቼ አስገባሁት፥ ስሟንም ጻፍሁ። በሳምንቱ ሁለት የክፍል ጓደኞቿን ይዛ መጣች። አንደኛው ኮድ ፈጽሞ አያውቅም፤ ነገር ግን የአጠቃቀም መመሪያችን የማይገባ መሆኑን ነግሮን እንደ ገና ጻፈልን። ጓደኛዬ ይህን እንደ ሥራ አልቈጠረውም፤ እኔ ግን ከሁሉ የጠቀመን እርሱ ነው እላለሁ፤ ከዚያ በፊት አዲስ ሰው ፕሮግራሙን ለማስነሣት ግማሽ ቀን ይፈጅበት ነበርና።

እኔና ጓደኛዬ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ጨርሰን እንለያያለን። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የሌላውን ሰው ኮድ መርምሮ የማስገባቱን ሥልጣን ለሦስቱ ሰጠናቸው። እውነቱን ለመናገር እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር። በማግሥቱ ልጅቱ እኔ የላክሁትን ኮድ፥ «ለሚያነበው ሰው አስቸጋሪ ነው» ብላ መለሰችልኝ፤ አሁን እርሱን እያረምሁ ነው።