ውሻ በሌሊት ለምን ያላዝናል?

ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሁሉም በየአልጋው ጋደም ካለ በኋላ፣ አንድ ውሻ ከሩቅ ድምፁን እየሳበ ሲያላዝን ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን ይኖራል ብለን አንገምትም። ሰምቶም ሆዱ ያልተረበሸ ጥቂት ነው። አንዳንዱ ያማትባል፤ አንዳንዱ «ሟርትህ በራስህ!» ብሎ ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ ሌላው ደግሞ ያገኘውን አንሥቶ በመስኮት ይወረውራል። በማግስቱ ቁርስ ላይ ግን ነገሩን የሚያነሣ የለም። «የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ይፈራል» መባልን ስለምናፍር ነው። እኛም በዚህ ነገር የምናፍርበት ስላለን ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ተነሣን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ከክፍላችን ልጆች አንዱ በብርቱ ትኩሳት ታመመ። ሐኪም አይቶት፣ መድኃኒት ሰጥቶት፣ በማደሪያው ተኝቶ ነበር። በዚያው ሰሞን ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንድ ውሻ ሦስት ሌሊት በተከታታይ አላዘነ። በመጀመሪያው ሌሊት ማንም ምንም አላለም። በሁለተኛው ሌሊት ከእኛ መካከል ሁለቱ ድንጋይ ይዘው ወጡ። በሦስተኛው ሌሊት የታመመው ጓደኛችን ፊቱን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ፣ «ለእኔ ነው አይደል?» ሲል ጠየቀን። ፍልስፍና እንማራለን፣ ሎጂክ እንማራለን የምንል አምስት ጎልማሶች አንዲት ቃል አጥተን ዝም አልን። ከውሻው ድምፅ ይልቅ ያ ዝምታችን እንዳስፈራው ኋላ ራሱ ነግሮናል።

እንግዲህ በዚያች ሌሊት ልንሰጠው ይገባን የነበረውን መልስ ዛሬ እንጽፋለን። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እንደ መሆናችን፣ ከሳትን የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን እንዲያርሙን አስቀድመን እንለምናለን።

በመጀመሪያ የቃሉን ነገር እናንሣ። አማርኛችን የውሻን ድምፅ ለይቶ ጠርቶታል። ሌባ ወይም እንግዳ ሲመጣ ውሻ ይጮኻል፤ አጥንቱን ሊነጥቁት ሲሉ ያጉረመርማል፤ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ ድምፁን እየሳበ ሲያወጣ ግን ያላዝናል እንላለን። ጩኸት አጭርና ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው፤ የሚነገረውም ቅርብ ላለ ነው፤ «አየሁህ፤ አትቅረብ» እንደ ማለት ነው። ጅብ ወደ አጥሩ ሲጠጋ የምንሰማው በአብዛኛው ይኸንኑ ነው። ማላዘን ግን ረጅም ስለሆነ ሩቅ ይሰማል፤ የሚነገረውም ለማይታይ ወገን ነው። ውሻው አንገቱን ወደ ላይ ማቅናቱም ድምፁን አጥርቶ ለመልቀቅ ነው እንጂ ከጨረቃ ጋር ጉዳይ ኖሮት አይደለም።

ይህ ጠባይ ከዘር የወረሰው ነው። ውሻ የግራጫ ተኩላ ዘር ነው። ከሰው ጋር መኖር ከጀመረም እጅግ ረጅም ዘመን ሆኖታል፤ በጀርመን አገር ኦበርካስል በተባለ ስፍራ ከሰዎች ጋር የተቀበረ የውሻ ዐፅም ተገኝቷል፤ ዕድሜውም 14,000 ዓመት ያህል ነው። ተኩላ በመንጋ የሚኖር አውሬ ነው። ሲበታተን የሚጠራራው በማላዘን ነው፤ አንዱ «እዚህ ነኝ፤ እናንተስ ወዴት ናችሁ?» ሲል ሌሎቹ ይመልሱለታል። ጎረቤት መንጋ ድንበር እንዳያልፍ የሚያስጠነቅቀውም በዚሁ ድምፅ ነው። ነገሩ ሲመቻች ድምፁ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይሰማል። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ወደ ፈረንጅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በባሌና በሰሜን ተራሮች የሚኖረው፣ ከአገራችን በቀር በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ለተኩላ የቅርብ ዘመድ ነው። እርሱም አይጥ ሲያድን ብቻውን ይውላል፤ ከወገኖቹ ጋር ሲገናኝ ግን በኅብረት ድምፁን ያሰማል።

ማላዘን ስሜት አለበትን? በዚህ ነገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በአውስትሪያ የተገለጠ አንድ ምርምር አለ። ተመራማሪዎቹ ሰው ያሳደጋቸውን ተኩላዎች አንድ በአንድ ከመንጋቸው እየለዩ ለሽርሽር ወሰዷቸው፤ የቀሩት ምን ያህል እንደሚያላዝኑም ቈጠሩ። የቀሩት አብዝተው ያላዘኑት የመንጋው አለቃ ሲሄድ፣ ደግሞም የቅርብ ወዳጃቸው ሲለይ ሆኖ ተገኘ። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ በሃንጋሪ አገር 68 የቤት ውሾች የተቀረጸ የተኩላ ድምፅ እንዲሰሙ ተደርጎ፣ በዘራቸው ለተኩላ የሚቀርቡት ማላዘን ሲቀናቸው፣ ከተኩላ የራቁት ግን መጮኽ እንደሚቀናቸው ታይቷል። ስለዚህ ማላዘን በመጀመሪያ ነገር የናፍቆትና የመጠራራት ድምፅ ነው ብንል ከእውነቱ የራቅን አይመስለንም።

በሌሊት የሚበዛበትስ ምክንያት ምንድን ነው? ግማሹ ምክንያት ያለው በውሻው ሳይሆን በአየሩ ነው። ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ ፈጥኖ፣ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ዘግይቶ ይሄዳል፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን በሴኮንድ 343 ሜትር፣ ዜሮ ዲግሪ ሲሆን 331 ሜትር ያህል ነው። ቀን ፀሐይ መሬቱን ስለምታሞቀው የታችኛው አየር ከላይኛው ይልቅ ይሞቃል፤ ድምፁም ወደ ላይ እየታጠፈ ከራሳችን በላይ ያልፋል። ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ግን መሬቱ ሙቀቱን ስለሚለቅ የታችኛው አየር ይቀዘቅዛል፤ ድምፁም ወደ ታች ታጥፎ ከሩቅ ሰፈር እስከ ትራሳችን ይደርሳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላለችው አዲስ አበባ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሌሊት ለዚህ የተመቸ ነው። በዚያ ላይ መኪናው፣ ገበያው፣ የሰው ወሬው ሁሉ ጸጥ ብሏል። ቀን ያላዘነውን ውሻ ማን ሰማው?

የቀረው ግማሽ ምክንያት የውሻው ነው። እርሱንም በአጭሩ እንዘርዝረው።

አንደኛ፤ ብቸኝነት ነው። ከወገኑ ተለይቶ፣ በአጭር ገመድ ታስሮ የሚያድር ውሻ ይጣራል።

ሁለተኛ፤ መልስ መስጠት ነው። የላይ ሰፈሩ ውሻ ሲጀምር የታች ሰፈሩ ይቀበለዋል።

ሦስተኛ፤ ተስቦ የሚወጣ ድምፅ ነው። የአምቡላንስ ጩኸት፣ ደወል፣ የድምፅ ማጉያ፣ የሰው እሪታም ሳይቀር የወገን ጥሪ መስሎት ይመልሳል። የሰው ጆሮ በሴኮንድ እስከ 20,000 ንዝረት ሲሰማ፣ የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ያህል ስለሚሰማ፣ እኛ ምንም ሳንሰማ እርሱ የሚሰማው ነገር አለ።

አራተኛ፤ ሴት ውሻ ወንድ በምትፈልግበት ወራት የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ ዕረፍት ያጣል።

አምስተኛ፤ ረኃብ፣ ሕመምና እርጅና ነው። ያረጀ ውሻ እንደ ሰው አእምሮው ይደክማል፤ ቀንና ሌሊቱ ይምታታበትና ያለ ምክንያት የሚመስል ድምፅ ያሰማል።

ታዲያ አያቶቻችን «ውሻ ካላዘነ ሰው ይሞታል» ያሉት ከመሬት ተነሥተው ነውን? እንዲህ ብለን ለመዳፈር አንወድም። ያዩት ነገር አለ፤ የተሳሳቱት በትርጓሜው ነው። ከባድ ሕመምተኛ ያለበትን ቤት እናስበው። መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል፤ ጠያቂ ይገባል፣ ይወጣል፤ ውሻው እንግዳ እንዳይነክስ ታስሮ ይውላል፤ በጭንቀቱ መካከል ምግቡን የሚያስታውስለት የለም። ስለዚህ ያላዝናል። በሽተኛውም ከሞተ ሰው ሁለቱን ነገር ያያይዛል። ሕመሙ ውሻውን አስላዘነው እንጂ፣ የውሻው ማላዘን ሞትን አልጠራም።

ሁለተኛው ስሕተት የማስታወስ ስሕተት ነው። ለምሳሌ ያህል የሰፈራችን ውሻ በዓመት 100 ሌሊት ቢያላዝንና ከእነዚያ በሦስቱ ማግስት ለቅሶ ቢሰማ፣ ሦስቱን ስንተርክ እንኖራለን፤ ዘጠና ሰባቱን ግን ማንም አይቈጥራቸውም። በሽተኛ የሚጠብቅ ሰውም እንቅልፍ ስለሌለው፣ የተኛ ጎረቤት የማይሰማውን ውሻ ሁሉ ይሰማል።

ይህ ሁሉ ሲባል ከውሻ የሚፈራ ነገር የለም ማለታችን አይደለም። የሚፈራው ግን ድምፁ ሳይሆን ጥርሱ ነው። በእብድ ውሻ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች ከ100 እስከ 99 የሚሆኑት በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው። በሽታው በምራቅ ገብቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ብዙውን ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ነው፤ ከታየ በኋላ ግን የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የጕሮሮውን ጅማት ሲያሰንፈው የውሻውን ድምፅ ያሻክረዋል፤ ስለዚህ ያላዘነ ሁሉ አብዷል አይባልም፤ ድምፁም ጠባዩም በድንገት ከተለወጠው ውሻ ግን መራቅ ይገባል። ሉዊ ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ ከተነከሰ በኋላ በክትባት ካከመው፣ በፈረንጆች 1885 ዓ.ም. ጀምሮ መከላከያው ታውቋል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ሐኪም ሄዶ ክትባቱን ይጀምር። ጕዳቱም በሰው ብቻ አይቆምም፤ በፈረንጆች 2003 ዓ.ም. ይኸው በሽታ ከመንደር ውሾች ተላልፎ በባሌ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ሌሊት በውሻ ድምፅ የሚያማትበው ሰው፣ ቀን ውሻ ሲነክሰው ሥር በጥብጦ ጠጥቶ ዝም ማለቱ እጅግ የሚያሳዝን ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችን እንመለስ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ትኩሳቱ በረደለት። ያን ጊዜ ልብ አግኝተን ዘበኛውን፣ «ጋሼ፣ ያ ውሻ ምን ሆኖ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፣ ገና ቡችላ እኮ ነው» አሉን፤ «ከእኅቴ አገር ከመጣ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። እናቱን ይፈልጋል።» ሄደን አየነው። ስንቀርበው ጅራቱን እየቈላ ተነሣ፤ አንድ እግሩን ያነክስ ነበር። ድንጋዩ የማን እንደ ነበረ ማንም አልጠየቀም። ዘበኛው የዚያን ዕለት ማታ ከጎጆአቸው በር አጠገብ አሰሩት፤ ድምፁም ከዚያ በኋላ አልተሰማም።

ጓደኛችን በዚያ ሕመም ሞቶ ቢሆን ኖሮ፣ እኛ አምስታችን እነዚያን ሦስት ሌሊቶች በመሐላ ስንመሰክር እንኖር ነበር፤ አጉል እምነትም አምስት የተማሩ ምስክሮች ባገኘ ነበር። ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ወደፊት ሌሊት ውሻ ሲያላዝን ከሰማችሁ ድንጋዩን አስቀምጡትና በማግስቱ የጐደለበትን ጠይቁ። አጠገባችሁ የታመመ ካለ ደግሞ እንደ እኛ ዝም አትበሉ። «ለአንተ አይደለም፤ ወገኑን እየተጣራ ነው» ብላችሁ ንገሩት።