የመብራት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ድንገት ሲቆም፤ ስለ ምርመራውና ለፋብሪካው ስለሚላከው ማስታወቂያ

የቴአትር ቤት፥ የስብሰባ አዳራሽና የሙዚቃ መድረክ መብራቶች ቀድሞ በእጅ በሚገፉ መቆጣጠሪያዎች ብቻ ይታዘዙ ነበር። ዛሬ ግን ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚያከናውነው ኮንሶል የተባለው መሣሪያ ነው፤ ይኸውም በውስጡ ኮምፒዩተር ያለበትና በሶፍትዌር የሚሠራ ነው። ስለዚህ ዕቃውን የሚያስመጣ ነጋዴ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ሶፍትዌሩንም አብሮ መሸጡን ሊገነዘብ ይገባል። ሶፍትዌሩ በትርኢት መካከል የቆመ እንደሆነ፥ ገዢው አስቀድሞ የሚጠራው ሩቅ አገር ያለውን ፋብሪካ ሳይሆን ዕቃውን የሸጠለትን ነጋዴ ነውና።

ኮንሶሉ ለመብራቶቹ ትእዛዝ ከሚያስተላልፍባቸው ደንቦች ዋነኛው ዲኤምኤክስ 512 ይባላል። ይህ ደንብ በ1986 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቴአትር ቴክኖሎጂ ተቋም የወጣ ሲሆን፥ በአንድ መስመር እስከ 512 ቻናል ያስተላልፋል፤ መስመሩ ሙሉ በሆነ ጊዜ ትእዛዙ በሴኮንድ እስከ 44 ጊዜ ይደጋገማል። ትእዛዙ ሲቋረጥ አንዳንዱ መብራት የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ይቆያል፤ አንዳንዱ ግን ይጠፋል። ይህም የሚወሰነው በመብራቱ በራሱ አሠራር ነው። ስለሆነም መብራት በመጥፋቱ ብቻ ኮንሶሉ ቆሟል፥ መብራት በመብራቱም ኮንሶሉ ደኅና ነው ማለት አይቻልም።

ብልሽቱ በሦስት መልክ ሊታይ ይችላል። አንደኛው፥ መስኮቱ ቀጥ ብሎ ቁልፎቹ የማይታዘዙበት ነው። ሁለተኛው፥ ሶፍትዌሩ ራሱን ዘግቶ የሚወጣበት ነው። ሦስተኛው፥ መሣሪያው በሙሉ ጠፍቶ እንደገና የሚነሣበት ነው። ይህ የመጨረሻው ከሶፍትዌሩ ይልቅ ከኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ ሊመጣ ስለሚችል፥ በቅድሚያ ሶኬቱን፥ የኃይል ገመዱንና ዩፒኤስ የተባለውን የባትሪ መጠባበቂያ መመርመር ያሻል።

ብልሽቱ በትርኢት መካከል የደረሰ እንደሆነ መብራቱ ሳይጠፋ ኮንሶሉን አጥፍቶ ለማስነሣት መቸኮል አይገባም፤ መድረኩን በጨለማ ሊያስቀረው ይችላልና። ተጠባባቂ ኮንሶል ካለ ሥራውን ወደዚያ ማዛወር፥ ከሌለም እንደገና ለማስነሣት የዕረፍት ጊዜን ወይም አመቺ ሰዓትን መጠበቅ ይመረጣል። መሣሪያው ከመጥፋቱ በፊት ግን በመስኮቱ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ፎቶግራፍ ማንሣትና ሰዓቱን መጻፍ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው።

ከትርኢቱ በኋላ የሚደረገው ምርመራ ምክንያቱን ለይቶ የማውጣት ሥራ ነው። በመጀመሪያ የትርኢቱ ፋይል ተገልብጦ በዩኤስቢ ይቀመጣል። ከዚያም ኮንሶሉ በባዶ ፋይል ይሞከራል። በባዶ ፋይል ደኅና ሠርቶ በትርኢቱ ፋይል ብቻ የሚቆም እንደሆነ ጥርጣሬው ወደ ፋይሉ ያመዝናል። በሁለቱም የሚቆም ከሆነ የኔትዎርክ ገመዱ፥ ተጨማሪው መስኮትና ሌሎቹ ተቀጥላዎች አንድ በአንድ ተነቅለው ይሞከራል። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር የለወጠ ሰው ብልሽቱን ያስወገደው የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም።

ፋብሪካው ሊያርመው የሚችለው ሊያየው የቻለውን ብልሽት ነው። «ኮንሶሉ ተበላሽቷል፤ በቶሎ መልስ ስጡን» የሚል ደብዳቤ ለመሐንዲሱ ምንም አያስረዳውም። በአንጻሩ «ከአሥር ሙከራ በስምንቱ፥ ሁለተኛው መስኮት ተያይዞ ሳለ ፋይሉ እንዲቀመጥ ሲታዘዝ ሶፍትዌሩ ይዘጋል፤ መስኮቱ ሲነቀል ግን አይዘጋም» የሚል ማስታወቂያ የሥራውን እኩሌታ ያቃልላል። ስለዚህ በማስታወቂያው ውስጥ የሚከተሉት ሊገኙ ይገባል፦

1ኛ/ የመሣሪያው ዓይነት፥ የመለያ ቁጥሩና የሶፍትዌሩ እትም ሙሉ ቁጥር፤
2ኛ/ ብልሽቱ የደረሰበት ቀንና በኮንሶሉ ሰዓት አቆጣጠር የነበረው ጊዜ፤
3ኛ/ ከብልሽቱ በፊት የተነኩት ቁልፎች በቅደም ተከተላቸው፤
4ኛ/ ብልሽቱ በተመሳሳይ መንገድ የሚደገም መሆን አለመሆኑ፤
5ኛ/ የትርኢቱ ፋይል ቅጅና ሎግ የተባለው የመሣሪያው የሥራ መዝገብ።

ሎግ ማለት ሶፍትዌሩ የሠራውን ሁሉ በየሰዓቱ ራሱ የሚመዘግብበት ፋይል ነው። ለምሳሌ ኢቲሲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሚሠራቸው ኢኦስ በተባሉት ኮንሶሎች ላይ፥ ይህን መዝገብ ወደ ዩኤስቢ ማውጫ ትእዛዝ አለ። መሣሪያውን ወደ መነሻው የሚመልስ ትእዛዝ ከመሰጠቱ በፊት መዝገቡን ማውጣት ይገባል፤ ማስረጃው አብሮ ሊጠፋ ይችላልና።

አስመጪው በበኩሉ ለየገዢው የሸጠውን መሣሪያ መለያ ቁጥርና የሶፍትዌር እትም በመዝገብ ቢይዝ፥ አንድ ገዢ ያመለከተው ብልሽት ሌሎቹንም ያሠጋ እንደሆነ በቶሎ ለይቶ ሊያስጠነቅቃቸው ይችላል። ፋብሪካው የታረመ እትም በላከ ጊዜም በትርኢት ዕለት ሳይሆን በሥራ ፈት ቀን፥ የፋይሎቹ ቅጅ ከተቀመጠ በኋላ እንዲጫን መምከር ይገባዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ነጋዴ የሚሸጠው ዕቃ ፈጽሞ አይበላሽም ባይባልም፥ በተበላሸ ጊዜ ገዢው ወደ ማን እንደሚሄድ ያውቃል፤ ሁለተኛውንም ዕቃ ከእርሱ ዘንድ ይገዛል።