ጦስኝንና ዘመዶቹን በጓሮ ስለ መትከል



ከመሥሪያ ቤት ደክሞት ለተመለሰ ሰው አንድ ብርጭቆ የጦስኝ ሻይ ምን ያህል እንደሚያሳርፈው ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ያ ጦስኝ ከወዴትና እንዴት እንደ መጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከገበያ የገዛችሁትን እስር አንድ ጊዜ አገላብጣችሁ ተመልከቱ። ከግንዱ ጫፍ ሥር ተንጠልጥሎ ካገኛችሁ፣ ተክሉ ከተራራው ተነቅሎ መጥቷል ማለት ነው። ቅርንጫፉ የተቆረጠ ተክል መልሶ ያቆጠቍጣል፤ ከነሥሩ የተነቀለው ግን ቦታውን ለድንጋይ ትቶ ይሄዳል።

የእኛ ጦስኝ በስሜን፣ በመንዝ፣ በጣርማ በርና በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች የሚበቅል፣ ሥረ መኖሪያው የኢትዮጵያ ደጋ የሆነ ተክል ነው። ፈረንጆች በፒሳ ላይ የሚነሰንሱት ኦሬጋኖም የቅርብ ዘመዱ ነው። ሁለቱም ከናና ወገን ሲሆኑ፣ መዓዛቸውን በብዛት የሚያገኙት ታይሞልና ካርቫክሮል ከተባሉት ንጥረ ነገሮች ነው። በሶ ብላና የጥብስ ቅጠልም ከዚሁ ቤተ ዘመድ ይቈጠራሉ። ጤና አዳምና ኮሰረት ግን በማጀት ጎረቤታሞች ቢሆኑም፣ በትውልድ ከሌላ ወገን ናቸው።

የአንድን ተክል ጠባይ ለማወቅ የተወለደበትን ስፍራ ማሰብ ይበቃል። ጦስኝና ኦሬጋኖ የድንጋያማ ተራራ ልጆች ናቸው። ፀሐይን፣ ነፋስንና ውሃ የማይቋጥር አፈርን ለምደዋል። ስለዚህ በከተማ ጓሮ የሚሞቱት ከችግር ይልቅ ከድሎት የተነሣ ነው። ባለቤቱ ፍግ ያበዛባቸዋል፤ ጧትና ማታ ያጠጣቸዋል፤ በመጨረሻም ሥራቸው ይበሰብሳል።

እንግዲህ በመጀመሪያ፣ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። የጓሮአችሁ አፈር መረሬ ከሆነ፣ አሸዋና ጠጠር ቀላቅላችሁ መደቡን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጉት፤ የክረምቱ ዝናብ እንዳይተኛበት ይጠብቀዋልና። በኮንዶሚኒየም የምትኖሩም በረንዳችሁ ይበቃል። የድልህ ወይም የዱቄት ወተት ጣሳ ታችኛውን በሚስማር ብሱ፤ ጥቂት ጠጠር አንጥፉበትና አፈሩን ሙሉት።

ሁለተኛ፣ ከዘር ይልቅ በቁራጭ መትከል ይቀላል። ገና ያላበበውን ለጋ ቅርንጫፍ 10 ሴንቲሜትር ያህል ቈርጣችሁ የታችኛውን ቅጠል አራግፉ፤ አሸዋ በበዛበት አፈር ተክላችሁም ሥር እስኪያወጣ ድረስ ለሦስት ሳምንት ያህል በጥላ አቆዩት። ከገበያ የመጣው እስር ገና እርጥብ ከሆነ፣ ከነሥሩ ያለውን መርጣችሁ ብትተክሉት ሊይዝ ይችላል። ኦሬጋኖን ከዘር ለማብቀል የሚሻ ሰው ግን ዘሩ እጅግ ደቃቅና ብርሃን ፈላጊ ስለሆነ፣ በአፈሩ ላይ በትኖ ይተወው እንጂ አይቅበረው።

ሦስተኛ፣ ከያዘ በኋላ አፈሩ በጣት ሲነካ ደርቆ ካልተገኘ በቀር አታጠጡ። በሶ ብላና ናና ግን ለም አፈርና ብዙ ውሃ ስለሚወዱ፣ ከጦስኝ ጋር በአንድ መደብ አይስማሙም። ናና ደግሞ በሥሩ እየተስፋፋ የጎረቤቱን ቦታ ስለሚወስድ፣ ለብቻው በጣሳ ቢተከል ይሻላል።

አራተኛ፣ አሰባሰቡን እንመልከት። ቅጠሉ መዓዛው የሚበረታው አበባ ሊያወጣ ሲል ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ጧት ጤዛው ከረገፈ በኋላ በመቀስ ቍረጡ። ከተክሉ ሢሶ የሚበልጠውን በአንድ ጊዜ አትውሰዱ። በፀሐይ የደረቀ ቅጠል ሽታው ስለሚበንን፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ቁልቍል ሰቅላችሁ አድርቁት፤ ከዚያም ክዳን ባለው ጠርሙስ አስቀምጡት።

ውድ አንባብያን፤ አንድ የጦስኝ ሥር ሲጠነክር ለቤተ ሰቡ ሻይና ለሽሮው ቅመም ይሰጣል፤ ከእርሱም የተቈረጠው ለጎረቤት ተክል ይሆናል። በየጓሮው አንድ አንድ ሥር ቢተከል፣ ከገበያ የሚፈለገው ጦስኝ ያንኑ ያህል ይቀንሳል፤ ተራራውም በሥሩ ላይ ያለውን ጦስኝ እንደ ያዘ ለመቆየት ፋታ ያገኛል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ጣሳ፣ አንድ ቁራጭና የጥቂት ሳምንት ትዕግሥት ብቻ ነው።