የሴት አንገት የወንድ አንገት ትንሹ ቅጂ ነውን?

የአንገት አከርካሪ አጥንቶች ሰባት መሆናቸውን ለዚህ ዲፓርትመንት አንባቢ መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። መጠናቸውም በአማካይ በወንድ እንደሚበልጥ ሁላችንም ሰምተናል። «ታዲያ ወንድ በቁመቱም ይበልጥ የለም እንዴ?» ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል እላለሁ።

ስቴምፐርና ባልደረቦቹ በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ጥያቄ ያነሳል። በጎ ፈቃደኛ ወንዶችና ሴቶችን ዝም ብለው አላወዳደሩም። አንድ ጊዜ ተቀምጠው በተለካ ቁመት፣ ሌላ ጊዜ በራስ ዙሪያ ልክ የሚመጣጠኑትን መርጠው በሲቲ ስካን ለኩ። ልዩነቱ ግን አልጠፋም። የወንዶቹ አከርካሪ ወደ ጎን ሰፋ፣ ከፊት ወደ ኋላም ረዘም ያለ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ እኩል የሚያህል ራስ የሚሸከመው የሴቷ ምሰሶ ቀጠን ያለ ነው ማለት ነው።

ይህ የካሊፐር ጨዋታ ብቻ አይደለም። መኪና ከኋላ ሲገጭ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ለአንገት ጉዳት እንደሚጋለጡ በተደጋጋሚ ታይቷል። አጥንቱ ብቻ ነው ምክንያቱ አልልም፤ የጡንቻ ጉልበትም፣ አቀማመጥም አለበት። ሆኖም ለእንዲህ ዓይነቱ ግጭት መፈተኛ የታወቀው ባዮሪድ የተባለው አሻንጉሊት የተሠራው በአማካይ ወንድ ልክ ነው። በስዊድን ተመራማሪዎች የሚመራ ቡድን በአማካይ ሴት ልክ የተሠራ አሻንጉሊት ለሕዝብ ያሳየው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ዘግይቷል!

ራጅ ለሚያነቡ ጓደኞቼ ደግሞ የፓቭሎቭ ንጽጽር አለ። የህብለ ሰረሰር ቦይ ከፊት ወደ ኋላ ያለው ስፋት ለአከርካሪው አካል ስፋት ይካፈላል፤ ውጤቱ ከ0.8 ካነሰ ቦዩ ጠባብ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። በምሳሌ እንየው። የሁለት ሰዎች ቦይ እኩል 14 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የአንዱ አካል 20፣ የሌላዋ 16 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ለእሱ 0.7፣ ለእሷ 0.875 ይመጣል። እሱ «ጠባብ» ተባለ፣ እሷ ጤነኛ፤ ቦዩ ግን ያው አንድ ነው! ግዙፍ አጥንት ባላቸው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ላይም ይኸው ችግር ታይቷል። ስለዚህ ንጽጽሩን ከማመን በፊት ቦዩን ራሱን በሚሊ ሜትር መለካት፣ ከተቻለም በኤምአርአይ ህብለ ሰረሰሩ ምን ያህል ቦታ እንደቀረው ማየት ይሻላል።