ስለ ድመት ጤና፤ ኃይሉ የደከመን ሰውነት ጥገኛ ተሐዋስያን እንዴት እንደሚጐዱት



በመዝገብ ቤት ያገለገለ ሰው ሁሉ ድመት ምን ያህል ባለውለታ እንደ ሆነች ያውቃል። ደመወዝ ሳትቀበል፣ የዓመት ዕረፍት ሳትጠይቅ፣ አይጥ የፋይሉን ጠርዝ እንዳይበላው ሌሊቱን ሙሉ ዘብ ትቆማለች። ይሁን እንጂ ይህች ባለውለታ በታመመች ጊዜ ሕመሟን የሚጠይቅላት ሰው ጥቂት ነው። ከስታና ጠጕሯ ረግፎ በታየች ጊዜ «መርዝ በልታ ይሆናል» ተብሎ ከግቢ ትባረራለች። ዛሬ ልናገር ያሰብሁት ስለዚሁ ነገር ነው፤ ይኸውም በሽታን የመቋቋም ኃይላቸው የደከመ ድመቶች በአንድ መጠለያ ተሰብስበው ሲኖሩ ጥገኛ ተሐዋስያን ምን እንደሚያደርሱባቸው፣ ነገሩም እኛን ሰዎቹን በምን በኩል እንደሚነካን ለማስረዳት ነው።

መጠለያ ስል በውጭ አገር እንዳሉት ሠራተኛና ሐኪም የተመደበላቸውን ሰፋፊ ቤቶች ብቻ ማለቴ አይደለም። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ዘነበ ወርቅ ብንዘዋወር፣ ማንም መጠለያ ብሎ ያልሰየማቸው መጠለያዎች በየግቢው እናገኛለን። አንዲት ደግ እናት ለተጣለች ግልገል አዝነው ከሥጋ ቤት ያመጡትን ሳንባ ቈርሰው ቢሰጧት፣ ዓመት ሳይሞላ በማድ ቤቱ ጥግ ሰባት ስምንት ድመቶች ተኝተው ይታያሉ። ሥራው የርኅራኄ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ብዙ ድመቶች ከአንድ ሳሕን ሲበሉና በአንድ አሸዋ ሲጸዳዱ፣ የአንዲቱ ትል የሁሉም ትል ይሆናል።

ጥገኛ ተሐዋሲ የሚባለው በሌላ ፍጡር አካል ላይ ወይም ውስጥ ተጠግቶ፣ ከዚያው ምግቡን እየወሰደ የሚኖር ነው። ከነዚህ አንዳንዶቹ በዓይን ይታያሉ፤ ወስፋት፣ ኮሶ፣ መንጠቆ ትል፣ ቁንጫም እንደዚሁ። ሌሎቹ፣ እንደ ጃርዲያና እንደ ኮክሲዲያ ያሉት፣ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። ጤነኛና በሚገባ የበላች ድመት ጥቂት ትል በሆዷ ይዛ ምንም ምልክት ሳታሳይ ለዓመታት ልትኖር ትችላለች። ስለዚህ ልንጠይቀው የሚገባን «ተሐዋሲው አለ ወይስ የለም?» ብለን ብቻ ሳይሆን፣ «የሰውነቷ ኃይል ከተሐዋሲው ጋር በምን ሁኔታ ላይ ነው?» ብለን ጭምር ነው።

ይህን ነገር የኮልፌ ሰው ከማንም ይልቅ በቀላሉ ሊረዳው ይችላል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል፣ በ1970 ደግሞ ከጎኑ የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። የሥጋ ደዌን ያጠኑ ሊቃውንት እንዳስረዱት፣ ያው አንዱ ባክቴሪያ በአንዱ ሰው ላይ ጥቂት የደነዘዘ ቦታ ብቻ ሲያወጣ በሌላው ላይ ሰውነቱን ሁሉ ሊያዳርስ ይችላል። ጀርሙ አንድ ሲሆን ልዩነቱ የሚመጣው ጀርሙን የሚቀበለው ሰውነት በሚሰጠው ምላሽ ነው። የድመትም ነገር እንዲሁ ነው።

የድመትን የመከላከያ ኃይል የሚያደክሙት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። መጀመሪያው ዕድሜ ነው። ግልገሊቱ በተወለደች በመጀመሪያው ቀን የእናቷን እንገር ካልጠባች መከላከያ ሳይኖራት ዓለምን ትጀምራለች። ረሃብ፣ ብርድ፣ መጨናነቅና ከማይተዋወቁ ድመቶች ጋር በድንገት መኖር ሌሎቹ ናቸው። ከነዚህ ሁሉ የሚብሱት ግን ሁለት ቫይረሶች ናቸው። አንዱ የድመት የደም ካንሰር ቫይረስ የሚባለው ሲሆን፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1964 በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ ዊልያም ጃሬትና የሥራ ባልደረቦቹ ያገኙት ነው። በምራቅ፣ እርስ በርስ በመላላስና በአንድ ሳሕን በመብላት ይተላለፋል፤ እናትም ለልጆቿ ታወርሰዋለች።

ሁለተኛው የተገኘበት ታሪክ ለጉዳያችን ይበልጥ የቀረበ ነው። በ1986 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ የተጣሉ ድመቶች በሚሰበሰቡበት አንድ መጠለያ ውስጥ፣ በአንዱ ክፍል የነበሩት ድመቶች እየከሱ፣ ድዳቸው እየቈሰለና ተቅማጥ እየያዛቸው ተራ በተራ መሞት ጀመሩ። በሌሎቹ ክፍሎች ያሉት ግን ደኅና ነበሩ። የእንስሳት ሐኪሙ ኒልስ ፒደርሰንና ባልደረቦቹ የእነዚህን ድመቶች ደም መርምረው፣ ከሰው ኤች አይ ቪ ጋር የሚመሳሰል፣ ነገር ግን የድመት ብቻ የሆነ ቫይረስ አገኙ። ስሙ ኤፍ አይ ቪ ተባለ። ይህ ቫይረስ ይበልጡን የሚተላለፈው በንክሻ ነው፤ ስለዚህ በየጣራው ላይ የሚደባደቡት ያልተኰላሹ ወንዶቹ ድመቶች ከሁሉ ይልቅ ይያዛሉ። ሰውን ፈጽሞ አይዝም። ይህን አበክሬ የምናገረው፣ ስሙን የሰሙ ሰዎች በፍርሃት ድመታቸውን እንዳያባርሩ ነው።

እንግዲህ ኃይሏ በደከመ ድመት ላይ የሚሆነው ይህ ነው። ጃርዲያና ኮክሲዲያ፣ እንዲሁም ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተሐዋሲ፣ በጤነኛዪቱ ላይ የጥቂት ቀን ተቅማጥ አድርሰው የሚያልፉ ሲሆኑ፣ በደካማዪቱ ላይ ግን ለሳምንታት ይቈያሉ፤ የበላችውም ሳይጠቅማት ይወጣል። ወስፋት ከእናቲቱ ወደ ግልገሎቹ በወተት በኩል ያልፋልና፣ ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ፣ ጀርባው ግን አጥንቱ የሚቈጠር ግልገል ባየን ጊዜ ጠግቧል አንበል። መንጠቆ ትልና ቁንጫ ደም መጣጮች ናቸው፤ የግልገሊቱን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ድዷን ማየት ነው፤ ነጭ ሆኖ ከተገኘ ጊዜ የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም። ቁንጫ ከዚህም ሌላ የኮሶ ዘር ይዞ ይዞራል። ድመቲቱ ራሷን ስትልስ ቁንጫውን ትውጠዋለች፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከጅራቷ ሥር የደረቀ ሰሊጥ የሚመስል ነገር ተጣብቆ ይታያል። የጆሮ እከክ የሚያመጣውን ተሐዋሲ በዚህ አጭር ጊዜ አልዘረዝረውም።

ዋናው ጉዳይ ቶክሶፕላዝማ ነው። ይህ በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1908 በቱኒስ ከተማ ኒኮልና ማንሶ በሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንዲት አይጥ መሰል እንስሳ ላይ ተገኘ፤ በዚያው ዓመት በብራዚልም በጥንቸል ላይ ታየ። የድመት ድርሻ እስኪታወቅ ግን ከ60 ዓመት በላይ ፈጀ። ተሐዋሲው በሰውም፣ በበግም፣ በዶሮም ሥጋ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ዘሩን ወደ ውጭ የሚያወጣው ግን በድመትና በድመት ዘመዶች አንጀት ብቻ መሆኑ የተረጋገጠው በ1970 ገደማ ነበር። ድመቲቱ አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ በልታ ለመጀመሪያ ጊዜ በተያዘች ጊዜ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ያህል በሚሊዮን የሚቈጠር ዘር ከዓይነ ምድሯ ጋር ታወጣለች። ከዚያ በኋላ ሰውነቷ ያግደዋል፤ ተሐዋሲው በጡንቻዋና በአንጎሏ ውስጥ አሸልቦ ይቀራል። ኃይሏ በቫይረስ ወይም በብርቱ መድኃኒት የደከመ እንደ ሆነ ግን ያሸለበው ይነቃና ሳንባዋን፣ ጉበቷን፣ ዓይኗንና አንጎሏን ያጠቃል።

በአዲስ አበባ ይህ ምን ያህል እንደ ተስፋፋ ተመርምሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመራማሪ፣ ከአሜሪካው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትና በዚህ ተሐዋሲ ጥናት ስመ ጥር ከሆኑት ከጂ. ፒ. ዱቤ ጋር ሆነው፣ በከተማችን ባለቤት ከሌላቸው ድመቶች ደም ወስደው መረመሩ። ውጤቱ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ታትሞ እንደ ወጣ፣ ከ48 ድመቶች የ41ዱ ደም ቶክሶፕላዝማ እንደ ነካቸው የሚያሳይ ምልክት ነበረው። ጥሬ ሳንባና አንጀት ከየሥጋ ቤቱ ደጃፍ፣ አይጥም ከየቈሻሻው ክምር በሚገኝበት ከተማ ይህ ሊያስደንቀን አይገባም።

እዚህ ላይ ብዙ አድማጮች በልባቸው የሚጠይቁትን አውቃለሁ። «ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ድመቷን ላባርራት?» የሚል ነው። መልሱ «አያስፈልግም» ነው፤ ምክንያቱን ግን ቀስ ብለን እንመልከት። አደጋው ያለው እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ በተያዘች ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ተሐዋሲው ወደ ፅንሱ አልፎ ዓይኑንና አንጎሉን ሊጐዳ ይችላል። አስቀድማ የተያዘችና ጤናዋ የተሟላ ሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጇ የተጠበቀ ነው። ከዚህም በላይ ዘሩ ከድመቷ በወጣበት ሰዓት አይዝም፤ ለመብሰል ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። እንግዲህ የድመቲቱ አሸዋ በየቀኑ ከተጣለ፣ የሚጥለውም ነፍሰ ጡሯ ሳትሆን ሌላ ሰው ከሆነ፣ በቤት ያለችው ድመት የምታመጣው አደጋ እጅግ ጥቂት ይሆናል። ድመትን በመዳሰስ ብቻ መያዝም የማይመስል ነገር ነው።

ይልቁንስ ሰው የሚረሳቸው መንገዶች ሌሎች ናቸው። አንደኛው የራሳችን ማዕድ ነው። ተሐዋሲው በሥጋ ውስጥ፣ በተለይም በበግና በፍየል ሥጋ፣ ተደብቆ ይኖራል፤ ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ የተደረገ ክትፎ የምንወድ ሕዝብ ነንና ድመቲቱን ከመክሰሳችን በፊት ቢላዋችንን ብንመለከት መልካም ነው። ኮሶ ለመጠጣት ያስገድደን የነበረው ልማድ አሁንም አልተወንም! ሁለተኛው መንገድ አፈር ነው። የበሰለው ዘር በእርጥብ መሬት ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቈይ ይችላል። በኮልፌ ቀራንዮ አዳዲስ ቤቶች በሚሠሩበት ሰፈር ሁሉ የአሸዋ ክምር በየበሩ ይታያል፤ ቀን ሕፃናት ይጫወቱበታል፣ ሌሊት ደግሞ ድመቶች ይጸዳዱበታል። አንድ ሸራ ቢለብስ ነገሩ ያበቃ ነበር። ሰላጣና ቈስጣም በሚፈስ ውኃ፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ እያሹ መታጠብ አለባቸው፤ ሆምጣጤ መጨመር ብቻውን ተሐዋሲውን አይገድለውም።

ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ወገኖቻችን ነገር ለብቻው መነገር ይገባዋል። በአገራችን ከአሥር ዐዋቂ ሰው ሰባቱ ስምንቱ ቶክሶፕላዝማ እንደ ነካው በልዩ ልዩ ጊዜ የተደረጉ የደም ምርመራዎች አሳይተዋል። ይህ በጤነኛ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ምንም አያመጣም። የመከላከያ ሕዋሳቱ ቍጥር እጅግ ባነሰ ሰው ላይ ግን ያሸለበው ተሐዋሲ ነቅቶ አንጎልን ያቈስላል፤ ራስ ምታት፣ ትኵሳት፣ የአንድ ጎን መስነፍና መንቀጥቀጥ ያመጣል። ብዙ ሰው በዚህ አልፏል። የኤች አይ ቪን መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድና ሐኪም ያዘዘውን ኮትሪሞክሳዞል አለመተው ከማናቸውም ሌላ ጥንቃቄ ይበልጣል። ድመቱን ያባረረ፣ መድኃኒቱን ግን ያቋረጠ ሰው አጥሩን አጥብቆ በሩን እንደ ከፈተ ይቈጠራል። ተቅማጥ የያዛት ትንሽ ግልገል ወደ እንደዚህ ያለ ሰው ቤት አዲስ ባትገባ ግን ይመረጣል።

አሁን ወደ ድመቶቹ ልመለስ፤ በርኅራኄ ተነሥተው ብዙ ድመት የሚገድሉ ሰዎች አሉና። በመጀመሪያ ደረጃ ለከብትና ለውሻ የተሠራ የቁንጫና የመዥገር መድኃኒት ለድመት አይሆንም። ፐርሜትሪን የሚባለው ለውሻ የሚስማማ ሲሆን ድመትን አንቀጥቅጦ ይገድላል፤ ከብት የሚረጭበት ዳያዚኖንም መርዝ ነው። ፓራሲታሞል ለሰው የራስ ምታት ማስታገሻ ሲሆን፣ አንዲት ፍሬው ለድመት የሞት ፍርድ ልትሆን ትችላለች። ከየፋርማሲው በቀላሉ የሚገዛው አልቤንዳዞል እንኳ በድመት ላይ የደም ሕዋሳት የሚሠሩበትን መቅኔ ሊያደክም እንደሚችል ታውቋል። ትሉን ለማውጣት ሲባል የሰውነቷን ኃይል ይበልጥ ማድከም ይሆናል ማለት ነው። ለወስፋት ፒራንቴል፣ ለኮሶ ለቢልሃርዝያ የምናውቀው ፕራዚኳንቴል፣ ለቶክሶፕላዝማ ክሊንዳማይሲን ጥቅም ላይ ይውላሉ። መጠኑ በክብደቷ የሚለካ ስለ ሆነ የእንስሳት ሐኪም ሊያዝዘው ይገባል። ግልገሎች ከተወለዱ በሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ የወስፋት መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ የምታጠባቸው እናትም አብራ ትወስዳለች።

አዲስ የመጣች ድመት ከሌሎቹ ጋር ወዲያው አትቀላቀል፤ ለሁለት ሳምንት በተለየ ሳሕንና በተለየ አሸዋ ትቈይ። ሳንባውና አንጀቱ ተቀቅሎ ይሰጥ። ወንዶቹ ቢኰላሹ ጠቡም ንክሻውም ይቀንሳል። በረኪና ወለሉን ያነጣዋል፤ የኮክሲዲያንና የቶክሶፕላዝማን ዘር ግን አይገድለውም። የሚገድለው የፈላ ውኃ ነው። ስለዚህ የአሸዋው ሣጥን በየቀኑ ይገለበጥና በፈላ ውኃ ይታጠብ፤ ከዚያም በፀሐይ ይድረቅ።

ተቅማጡ ከሦስት ቀን ካለፈ፣ ወይም ድመቲቱ እየበላች ከከሳች፣ ከዓይነ ምድሯ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል በንጹሕ ብልቃጥ ተወስዶ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይቅረብ። ሐኪሙ በጨው ወይም በስኳር ውኃ በጥብጦ የትሉን እንቍላል ወደ ላይ ያንሳፍፈዋል፤ ከዚያም በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ጃርዲያ አንድ ቀን ታይቶ በማግሥቱ ሊጠፋ ይችላልና፣ የመጀመሪያው ምርመራ ምንም ባያሳይ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ማስመርመር ያስፈልጋል። ብልቃጡ ላይ የድመቲቱን ስም መጻፍ አይዘንጋ፤ ሰባት ድመት ባለበት ግቢ የማን እንደ ሆነ ያልታወቀ ውጤት ለሐኪሙም ለባለቤቲቱም አይጠቅምም።