«ዓይንህን ከኳሱ አትንቀል» እና ሌሎች የሜዳ ተረቶች

የስፖርት ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው እንበል፤ ተማሪው 50፣ ኳሱ አንድ። እኩል ቢዳረስ እንኳ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 48 ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ ኳስ እግሩ ላይ አልቆም ያለውን ልጅ «አልተፈጠረበትም» እንለዋለን። ከተረቶቹ ሁሉ ጎጂው ይህ ነው። ልጆች በተፈጥሮ እንደሚለያዩ አልክድም። ነገር ግን ዓይንና እግርን የሚያስማማው ድግግሞሽ ነው፤ አንጎል ኳሱ የት እንደሚደርስ ይገምታል፣ እግርን ያዛል፣ ሲስት አይቶ ያርማል። ኳስ ያልነካ ልጅ የሚያርመው ስህተት እንኳ የለውም።

«ዓይንህን ከኳሱ አትንቀል» የሚለው ምክር ግማሹ እውነት ነው። ሰው አንድ ነገር አይቶ ሰውነቱን እስኪያንቀሳቅስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል። በሰከንድ 5 ሜትር የሚንከባለል ኳስ በዚያች ቅጽበት 1 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ኳሱን እግሩ ሥር ሲደርስ ማየት የጀመረ ልጅ ዘግይቷል፤ ማየት ያለበት ከጓደኛው እግር ሲነሳ ጀምሮ ነው። ኳስ ሲቀበል እንግዲህ ምክሩ ይሠራል።

ኳስ መግፋት ግን ሌላ ነው። ጀማሪ አንገቱን ደፍቶ ይገፋል፤ እግሩ ኳሱን ገና ስላልለመደው ነውር የለበትም። እግሩ በንክኪ እየለመደ ሲሄድ ዓይኑ ነጻ ይወጣል፤ ኳሱን በዓይኑ ጠርዝ ይዞ ጓደኛውንና ክፍት ቦታውን ይፈልጋል። «ቀና በል!» ብሎ መጮኽ ይህን አያፋጥነውም። መምህሩ ፊት ለፊት ቆሞ ጣቶቹን ያንሳ፤ ልጁ ኳሱን እየገፋ ስንት እንደሆኑ ይጥራ። ማንም ሳያዘው ቀና ይላል።

«ደህና ኳስ ሳይኖር ምን ይሠራል?» የሚሉም አሉ። የአዋቂዎች ኳስ፣ ቁጥር 5 የምንለው፣ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ይከብዳል፤ እግሬን ያመኛል ብሎ ስለሚፈራ ሳያይ ይጠልዘዋል። ለትናንሾቹ ቁጥር 3፣ ከፍ ላሉት ቁጥር 4 አለ። እሱም ከጠፋ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ በሲባጎ ማሰር ነው። የጨርቅ ኳስ የድህነት ምልክት ብቻ ተደርጎ ሲታይ ያናድደኛል። ብዙ ስለማይነጥር ከእግር አይርቅም፤ ልጁም ደጋግሞ ይነካዋል። ፔሌ በልጅነቱ የተጫወተው ወረቀት በተጠቀጠቀበት ካልሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በሞንቴቪዴዮ ሁዋን ካርሎስ ሴሪያኒ የጀመረው ፉትሳል የተባለው የአዳራሽ እግር ኳስም ዛሬ ሆን ተብሎ ነጠራው የተቀነሰ ኳስ ይጠቀማል፤ ከ2 ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ የመጀመሪያ ነጠራው ከ65 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። የጨርቅ ኳስ የማያስተምረው ከአየር የሚወርድን ኳስ መገመት ነው፤ ለዚያ የፕላስቲክም ቢሆን የሚነጥር ኳስ ያስፈልጋል።

«አንዱን ሳይችል ወደ ሌላው አይለፍ» የሚለውም ይፈተሽ። ሼይ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የእጅ እንቅስቃሴ ጥናት፣ ልምምዱን እያቀላቀሉ የሠሩት ሲለማመዱ ቢዘገዩም በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ አስታውሰዋል። ሜዳ ላይም አምስት ደቂቃ ቅብብል፣ አምስት ደቂቃ ግድግዳ ላይ መትቶ መቀበል፣ ከዚያ በግራ እግር መግፋት ማፈራረቅ ይቻላል።

«ለሴት ልጅ አይሆንም» የሚለውን ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ድረስ ሄዳ የተጫወተችው ሎዛ አበራ መልሳዋለች። ብዙ ሴት ተማሪዎች ግን ያቺን 48 ሰከንድ እንኳ ለወንዶቹ ትተው ሜዳ ዳር ይቆማሉ።

እነዚያው 50 ልጆች በሦስት በሦስት ቢከፈሉ 17 የጨርቅ ኳስ ይበቃቸዋል። ያኔ የአንዱ ልጅ ድርሻ ከ48 ሰከንድ ወደ 13 ደቂቃ ያድጋል።